የመጋዙ ኮተት

ሰቆጣ፣ የካቲት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለእንግዳው ብዙነህ፣
ጂንካ

ልጄ፣ ስለ ጤናህ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር እሺ በለኝ። ይህን ወረቀት ብቻህን ሆነህ ከከፈትከው አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ሰው ወዳለበት ሂድ። የቤት አከራይህም ትሁን የሥራ ጓደኛህ፣ አንድ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። ከዚያ አንብበው።

ፊደሌ እንደ ፍየል መንጋ የተበታተነ ነው፣ ታገሠኝ። መሠረተ ትምህርት ከተማርኩ ወዲህ ከስሜ በቀር ብዙም አልጻፍኩ። ያለፈውን ደብዳቤ የጻፈልኝ ጎረቤታችን መምህር ፋንታሁን ነበር። ይህን ግን በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አልሆነልኝም።

እንግዳው፣ አባትህ አርፏል። ኅዳር 9 ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ቤቱ ውስጥ፣ እኔ እጁን ይዤው። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ወረቀቱን አስቀምጠህ አልቅስ። ሲወጣልህ ትመለስበታለህ፣ የሚነገር ገና አለኝ።

መቼም ወሩን ትቆጥራለህ። ኅዳር 22 ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ከእኛ ደርሶህ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ግን ስለ ሞቱ አንድ ቃል የለም። ያለው ስለ መጋዝህ ኮተት ብቻ ነው። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የአገርህን ደንብ ታውቃለህ፣ መርዶ በወረቀት አይላክም። ሩቅ ያለ ልጅ በሌላ ሰበብ ይጠራል፣ ደጅ ሲደርስ ሽማግሌ ይቀበለዋል፣ በሰው መሃል ተቀምጦ ይሰማል። የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ኢየሱስም ይኸው ይሁን አሉ። ሰበቡ ምን ይሁን ስንባባል ፋንታሁን አባትህ ትንሽ አሞታል እንበለው አለ። እኔ እምቢ አልኩ። እንዲያ ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ነገሩ አይጠፋውም፤ አራት አምስት ቀን መኪና ላይ ብቻህን ስታለቅስ ታየኝ። ከዚያ ብልጠቴ መጣና መጥተህ የመጋዙን ዕቃ ቦታ አስይዝ ብለን እንጥራው አልኩ።

ፈጽሞ ውሸት ደግሞ አልነበረም። ያንን የኤሌክትሪክ መጋዝ ከመቀሌ አስጭነህ ስታመጣው ጠረጴዛውስ አንዱን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ መከራ ያሳየን ጓዙ ነው። ከበሩ ቁመት የሚረዝመው መሪ ብረት፣ ሁለቱ የጎን ማራዘሚያዎች፣ እንጨቱን ጭነው ወደ መጋዙ የሚገፉበት ያ ትልቅ ሰሌዳ፣ ባለፍኩ ቁጥር ቀሚሴን የሚቀዱት ዲስኮች። አባትህ መጋዙን እንደ ልጅ ይወደው ነበር፤ ኮተቱን ግን በእግሩ በመታው ቁጥር በኽምጣንጋ ይሰድበዋል። በአማርኛ አይበቃውም ነበር። ለልቅሶ የመጣው ሰው መቀመጫ አጥቶ ማራዘሚያዎቹ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሬሳው ሲወጣ ልከተል ብዬ በመሪው ብረት ተደናቅፌ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። እናም ለፋንታሁን ቤቱ በዕቃህ ታፍኗል፣ አባትህም መላወሻ አጥቷል፣ ቶሎ ና ብለህ ጻፍ አልኩት። አባትህ መላወሻ አጥቷል ማለቴን ሳስበው አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

አንተን ስንጠብቅ ጥር 6 ቀን ደብዳቤህ መጣ። መምህሩ ከፈተው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ነው። አባዬ፣ ለዚህማ እኔ መምጣት አያስፈልገኝም፣ አንተ ከእኔ የተሻልክ አናጢ ነህ ብለህ ጀመርክ። ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፣ ይጣመምብሃል፣ መስቀያ ላይ ስቀለው አልክ። መሪው ብረት ከጣሪያው አግዳሚ ሥር ይጋደም፣ ዲስኮቹ ጥርስ ለጥርስ እንዳይነካኩ መሃላቸው ካርቶን ይግባ፣ ማራዘሚያዎቹ በማጠፊያ ተይዘው ከጠረጴዛው ጎን ወደ ታች ይታጠፉ አልክ። መስቀያውንም ሳትንጠራራ እጅህ በሚደርስበት ልክ ምታው፣ ወገብህን እንዳያምህ አልክ። መጨረሻ ላይ እማዬ አሁንስ ተገላገልሽ ብለህ ቀልደህብኛል።

ፋንታሁን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ፣ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። በአንተ አልፈረድኩም ልጄ። ስለ ዕቃ ጠየቅሁህ፣ ስለ ዕቃ መለስክልኝ። የተባለውን የሚያደርግ ልጅ አሳድጌ እኔው ተጎዳሁ።

ዘመዶች ሌላ ሰበብ ፈልጊ አሉኝ። የአጎቱ ልጅ ሠርግ ነው በይው፣ አንቺው ታመምሽ በይው አሉ። እኔ ግን በቅድሚያ ልጁ ያዘዘው ይፈጸም አልኩ። ምን እንደነካኝ አልገባኝም። የአባቱ ስም ተጠርቶበት የመጣ ወረቀት ነው፤ እንዲያው አጥፌ ሣጥን ውስጥ መክተት አልቻልኩም። ፋንታሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ማጠፊያውን ገጠመ፣ ብረቱን ሰቀለ። እኔ ካርቶኑን ቆረጥኩ። ዲስኮቹን በዘይት ወለወልኳቸው፤ እሱንስ አንተም አላልክም፣ አባትህ ያደርግ የነበረውን አይቼ ነው።

ወደ ሰሌዳው መስቀያ ስንደርስ ፋንታሁን እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሊያሰምር ሲል «በአንተ እጅ ልክ አይደለም» አልኩት። ደንግጦ እጁን አወረደ። አባትህ ሥራ ሲበቃው በሩ ላይ ቆሞ መዳፉን ጉበኑ ላይ ይጭን እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ከዚያ ሆኖ ነው የሚያነጋግረው። መዳፉ ያረፈበት እንጨት ጠቁሯል። ከመሬት እስከዚያ ድረስ በገመድ ለካንና በዚያው ልክ መታነው። እኔ ያለ በርጩማ አልደርስበትም። ይሁን፣ አንተ የጻፍከው እንደዚያ ነው።

አሁን የከበደኝን ልንገርህ። አባትህ አሥራ ስድስት ቀን ታሟል። ደረቱን ነው። ጤና ጣቢያ ወስደነዋል፣ መርፌም ተወግቷል፤ አንዳንድ ቀን ተነሥቶ ይቀመጥና ስለ ሥራው ያወራል። በስድስተኛው ቀን ፋንታሁን ወደ ወልድያ ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ስልክ ደውዬ በመሥሪያ ቤቱ ላስነግረው አለኝ። ተው አልኩት። ልጅ ከሩቅ አገር ሲጠራ ሕመምተኛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንተ በበሩ ስትገባ አባትህ ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ፈራሁ። ብትጠራ ግን ትደርስ ነበር። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፣ አምስት ቀን ይተርፍህ ነበር።

ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ውኃ አጠጣሁትና «እንግዳውን ጠርታችሁታል?» አለኝ። እኔም ፈጥኜ «ምን ሆነህ ነው የምንጠራው? አልጠራነውም» አልኩት። ትንሽ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስምህን አላነሣም። ያኔ ልቡ ያረፈ መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ፣ ሄጄ ሥራዬን ሠራሁ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ግን ያ ፊቱን ያዞረው ነገር አይለቀኝም። አልሞትም ብሎ ደስ ብሎት ነው? ወይስ ልጄን ሳላይ ልሄድ ነው ብሎ ነው? ለመምሬ ገብረ ኢየሱስ ተናግሬያለሁ፤ ጸልዪ ብለው ስግደት ሰጡኝ፣ ሰግጃለሁ። አልቀለለኝም።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ በደልኩህ። ፊት እሱ እንዳይፈራ፣ ኋላ አንተ እንዳትደነግጥ። አርባውም ሰማንያውም ያለ አንተ ወጣ። ሰው ልጁስ ብሎ ሲጠይቀኝ መንገድ ላይ ነው እላለሁ።

አሁን ቤቱ ጸድቷል፤ ከበር እስከ ጓዳ ሳልደናቀፍ እሄዳለሁ። አንተን የምጠራበት ሰበብም በዚያው አለቀብኝ። ሌላ ውሸት ለመፈለግ ደግሞ ደክሞኛል። ጥሩሐረግ ለልጇ መርዶ በወረቀት ላከች ብለው ይሙኝ።

ብትቆጣ መጥተህ ተቆጣኝ፣ ችዬ እሰማሃለሁ። የምትሳፈርበትን መኪና እመቤቴ በደህና ታድርስልህ፣ ከክፉ ሰው ከክፉ ውኃ ትሰውርህ፣ የአባትህን ዕድሜ ደርባ ትስጥህ። ደጅ የሚቀበልህ ሽማግሌ አይኖርም፣ እኔው ራሴ መኪናው ከሚቆምበት እጠብቅሃለሁ።

አባትህን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። ና እና ያን ዕለት ፊቱን ያዞረው ደስ ብሎት ነው በለኝ። ባታምንበትም እንደዚያ በለኝ።

እናትህ
ጥሩሐረግ