ያልታጠቡት ገሎች፦ የወይዘሮ ኪኑኤ ኩዋባራ የሕይወት ታሪክ (1936–2019 እ.ኤ.አ.)

ወይዘሮ ኪኑኤ ከአባታቸው ከአቶ ኢሳኩ ኦታኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃሩ መጋቢት 9 ቀን 1936 በጃፓን፣ በኒጋታ፣ በሺናኖ ወንዝ ዳር በሚኖሳዋ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ጀልባ ቀዛፊና የሳልሞን ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ ሩዝ ከየቤቱ ሲጠፋ እናታቸው የሳልሞን ጭንቅላትና አጥንት ደጋግመው እያፈሉ ገና ጥርስ ያላወጣውን ታናሽ ወንድማቸውን ሪኪዞን በመረቁ በሕይወት አቆዩት። ያረረውን ድስት መፈግፈግ የዘጠኝ ዓመቷ ኪኑኤ ሥራ ነበር።

በ1951 የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በሐር ጨርቅ ፋብሪካ ሰባት ዓመት ሠሩ። በ1958 ከሩዝ ገበሬው ከአቶ ሹንሳኩ ኩዋባራ ጋር ትዳር መሥርተው ቶሞኤንና ዮሺናሪን ወለዱ።

በ1971 መኸር በመንደሩ በኩል መንገድ ሊያልፍ ሲል ከመሬቱ ሥር የጥንት ሰዎች ሰፈር ተገኘ። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ቦታውን በፍጥነት ለመቆፈር የመንደሩ ሴቶች ተቀጠሩ፤ ወይዘሮ ኪኑኤም አንዷ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከቢጫው አፈር ሥር መዳፍ የምታክል የሸክላ ድስት ገል አወጡ። በውስጥ በኩል ጥቁር ቅርፊት ተጣብቆባታል። ሌሎቹ ገላቸውን በባልዲ ውኃ እየነከሩ በብሩሽ ሲፈትጉ እርሳቸው ያቺን ገል አልነክርም አሉ።

“ይሄ አፈር አይደለም፤ ያረረ ምግብ ነው። ድስት ስፈገፍግ ነው ያደግኩት፣ አይጠፋኝም።”

የቁፋሮው ኃላፊ አቶ ታቺባና ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። “ወይዘሮ ኩዋባራ፣ እነዚህ ሰዎች አዳኞች ናቸው፤ እርሻ እንኳ አያውቁም። ምን ሊቀቅሉ? ይጠቡትና ቁጥር ይጻፉበት።”

“ዓሣ ነዋ። ወንዙ እዚሁ አይደል እንዴ?”

ሴቶቹ ሳቁ። ኃላፊው ግን ተቆጡና የማያጥብ ወደ ቤቱ ይሂድ አሉ። ወይዘሮ ኪኑኤ ገሏን ምንጣፉ ላይ አኑረው ሽርጣቸውን ፈቱ። ያን ጊዜ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ ቶሺ ብሩሻቸውን ባልዲው ውስጥ ጣል አድርገው፣ “እሷ ከሄደች እኛም እንሂድና እራታችንን እንሥራ” አሉ። አሥራ አንዱም ሴቶች ተነሡ። የመንገዱ ማሽኖች ሊገቡ የቀራቸው አራት ቀን ነበር። አቶ ታቺባና ወንዙን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ ከዚያም ገና ያልታጠቡትን ቅርፊት ያለባቸውን አሥራ ዘጠኝ ገሎች ራሳቸው በደረቁ በወረቀት ጠቀለሉ። በሳጥኑ ላይ “ያልታጠበ፤ በወይዘሮ ኩዋባራ ጥያቄ” ብለው ጻፉ።

ወይዘሮ ኪኑኤ በዚህ አላበቁም። አዳኞቹ ድስቱን እንዴት እንደሠሩት ካላወቅሁ ብለው ከወንዙ ዳር ጭቃ እያመጡ መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሦስት ድስቶች እሳቱ ላይ ፈነዱ። ባለቤታቸው፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ድስት እኮ ሱቅ ሞልቷል” ሲሏቸው፣ “ሱቅ ያለው የዛሬው ነው” ይሉ ነበር። በ1974 ጭቃውን ከተከተፈ ሣር ጋር ቢለውሱት ድስቱ እሳቱን ቻለ። የሳልሞን ጭንቅላት አፈሉበት፤ ስቡ ከላይ ተንሳፈፈ፤ መንደሩ ሁሉ ቀመሰ። ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀረው ጥቁር ቅርፊት ከዚያ ከጥንቱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ከዚያ በኋላ በየመኸሩ ለተማሪዎች ይህንኑ ሲያሳዩ ኖሩ። “ድስት ለመሠራት እህል እስኪዘራ አልጠበቀም” ይሏቸው ነበር። “ዓሣው በአንድ ሳምንት ወንዙን ሲሞላው፣ ዘይቱን የምታወጪበት፣ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌና ሕፃን የምታለሰልሺበት ነገር ያስፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ ድስትን ያመጣው እሱ ነው።”

በ1999 ባለቤታቸው አረፉ። የገሎቹ ሳጥን በመጋዘን ሠላሳ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። በ2009 ዶክተር ናጊሳ ቶኩዴ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ በብሩሽ ያልተነካ ገል ፍለጋ አገሩን ሲያስሱ አገኙት። ዶክተር ቶኩዴ የቅርፊቱን ምርመራ ውጤት በስልክ ሲነግሯቸው ወይዘሮ ኪኑኤ ጓሮ ውስጥ ነጭ ራዲሽ የሚባለውን ሥራ ሥር እየነቀሉ ነበር።

“እማማ ኪኑኤ፣ የዓሣ ስብ ነው። ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የዓሣ ስብ።”

በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ፣ ከእነዚያ ሴቶች በሕይወት ወደነበሩት አራቱ ቤት እየሮጡ አበሠሩ። በሳምንቱ አቶ ታቺባና በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ሁለት ባቡር ቀይረው መጡ፤ ደጃፉ ላይ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

“ስንቱን ታሪክ በባልዲ እንደደፋሁ አሁን ገባኝ” አሉ።

“አሥራ ዘጠኙን ግን በእጅዎ ጠቅልለዋል” አሏቸው ወይዘሮ ኪኑኤ። “ይግቡ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።”

በ2018 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው ቶሞኤ፣ “እማ፣ ፈራሽ?” ብላ ብትጠይቃቸው ዓይናቸው በራ። “ያንን ድስት የሠራችውን ሴት ላገኛት እኮ ነው። ምን ምን እንደምጠይቃት እያሰብኩ ነው።”

በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ኅዳር 14 ቀን 2019 ሳልሞኖቹ ወንዙን ሽቅብ በሚወጡበት ሰሞን አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ወንድማቸውን አቶ ሪኪዞን ትተዋል። መሐሪው ቡድሃ አሚዳ በንጹሑ ምድር ይቀበላቸው፤ የሚጠይቋትም ሴት ሁሉንም ትመልስላቸው።