እናትሽ የምትበላውን ፍለጋ

ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ሄ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእማዋይሽ፣

ሰላምታዬ ከነባልሽ፣ ከነልጆችሽ ይድረስሽ። ደህና ነን ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለንም ብል ደግሞ ሳትጨርሺው ትደነግጫለሽ። እንዲያው ከመሀሉ ልጀምርልሽ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ታደገ ነው፤ ወንድሞቹን ሊጠይቅ ጎንደር ይመጣል። በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከጎኔ ስለማትለይ ነው። እየሰማችኝ ስለ እሷ ማውራት አልሆነልኝም።

እናትሽ ምግብ እምቢ ካለች ከጥር ወዲህ ነው። እንጀራው እዚህ ሞልቷል፤ አንድ ጊዜ ትጎርስና "በቃኝ" ብላ ትገፋዋለች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠበብን። ሐኪሙ የታሸገ ወተት አዘዘላት፤ ቀምሳ ተፋችው። "እንግዲህ የምትወደውን ፈልጉላት" አለን። ወንድምሽ ቢልልኝ ኤመቅ ሳራ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የሚሠራ፤ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ስለዚህ ፈላጊው እኔ ሆንኩ። ከሴት ጓዳ ገብቼ የማላውቅ ሰው በስልሳ ስምንት ዓመቴ ዘንቢል አንጠልጥዬ ገበያ መዞር ጀመርኩ።

ገበያውን ሹክ ይሉታል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ጠብ የተነሣ መስሎኝ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ለካስ ቲማቲም እየሸጡ ነው። አርብ ከቀትር በኋላ ሰንበት ሲቃረብ ዋጋው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ነው እንደኔ ያለው ሰው የሚገባ። ፊደላቸውን ስለማላነብ በጣቴ እያሳየሁ እገዛለሁ። ቡሬካስ የሚሉት ድንች የተሞላ ቂጣ አለ። ደበርጃን ከእንቁላል ጋር ጠብሰው ዳቦ ውስጥ ይከቱታል። ሚጥሚጣ የሚያስንቅ አረንጓዴ ድልህም አላቸው። ከየዓይነቱ አንድ እገዛና ቆሜ ግማሹን እቀምሳለሁ፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ ለእናትሽ። አንዳንዱ ግሩም ነው፤ እኔ ሳልወፍር አልቀረሁም። እሷ ግን ታሸተውና "ይሄ የማን ቤት ምግብ ነው? መልስላቸው" ትለኛለች። ሦስት ወር እንዲህ ከረምን። እግሬም አልቻለም፣ ልጄ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ እየተቀመጥኩ ነው ቤት የምገባ።

ያለፈው አርብ "ብቻዬን አልቀርም" ብላ ተከተለችኝ። እጇን ይዤ ገባን። ዱባ ለመምረጥ አንድ አፍታ ለቀቅኳት፤ ዞር ስል የለችም።

"ቦጋለች! ቦጋለች!" እያልኩ በየመደቡ መሀል ሮጥኩ። ሻጮቹ ይጮኻሉ፤ የኔን ጩኸት ማን ይለየዋል? ባለቤቴ ጠፋች ለማለት ቋንቋው ጠፋኝ፤ ነጠላ መልበሷን በእጄ እያሳየሁ፣ ቁመቷን እየለካሁ ቀረሁ። ያን ጊዜ አንዲት ወታደር፣ የኛው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ክንዴን ያዘችኝ። ባት-ኤል ትባላለች።

"አባባ፣ ማ ካራ? ምን ሆነ?"

"ሚስቴ..." ብዬ አልጨረስኩትም።

"ቦ፣ ና ከእኔ ጋር። አታልቅስ፣ አባባ። እኔ አገኛለሁ እሷን።"

ማልቀሴን ያወቅኩት እሷ ስትለኝ ነው። ዕቃ መጫኛ ሣጥን ላይ እየወጣች ትመለከት ጀመር። ስንዞር ስንዞር ከገበያው ጣሪያ ማዶ፣ በዱዊን የሚሏቸው የዐረብ ሴቶች መሬት ላይ ቅጠላ ቅጠል ዘርግተው ከሚሸጡበት ደረስን።

እናትሽ ከአንዲት አሮጊት ሻጭ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ፣ በእስር የታሰረ የሽምብራ እሸት! እየፈለቀቀች ትበላለች። አሮጊቷ በዐረብኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ ያወራሉ።

እኔን ስታይ ተቆጣች። "የት ትዞራለህ? ታኅሣሥ ገብቶ፣ ሽምብራው እሸት ሆኖ፣ እኔ ከሰው ልስማ?"

"አላወቅኩም" አልኳት። ወሩ ሚያዝያ መሆኑን አልነገርኳትም።

ባት-ኤልን ደግሞ አየቻትና "የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት።

"የገሠሠ።"

"ገሠሠንማ አውቀዋለሁ" ብላ አንድ እፍኝ ሰጠቻት። የት ታውቀዋለች! ልጅቱ ግን ጠመንጃዋን ወደ ጀርባዋ መልሳ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና በላች።

እስሩን ጨርሳ ሌላ ያዘች። ሁለተኛውን ስትፈለቅቅ ግን አትበላም፤ ፍሬውን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። "ብይ እንጂ" አልኳት።

"ይቺ የእማዋይሽ ናት። ከትምህርት ቤት ርቧት ነው የምትመጣ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ እሸቱን ትበላለች፤ ሌላ አትነካም። በየቀኑ እየሄድኩ አመጣላታለሁ። ሻጯ በጣቷ ስታሳየኝ ሁለት ሳምንት ብቻ የቀረው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደማበላት አላውቅም።

ለፋሲካ ደውለሽ እናትሽ "ይቺ ማን ናት?" ስትልሽ መስመሩ ነው ብዬሽ ነበር። መስመሩ አልነበረም፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። ግን አልረሳችሽም። የረሳችው ማደግሽን ነው። የቋጠረችልሽ ድርሻ መስኮቱ ላይ ደርቆ ተቀምጧል፤ ቢልልኝ ሊያነሣው ቢል እጁን መታችው።

ወደዚህ እንድትመጪ ያስገባነውን የማመልከቻሽን ነገር ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠይቄያለሁ። ጠብቁ አሉኝ። አምና ያለኝም ያው ሰውዬ ነው፤ ፀጉሩ ብቻ ሸብቷል።

የአባቶቻችን አምላክ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ደጅሽን ሰላም፣ መንገድሽን ቀና ያድርገው። ከኔ ዕድሜ የተረፈውን ላንቺ ይጨምረው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ስትደውዪ ስለ ባልሽና ስለ ልጆችሽ አታንሺባት፤ ግራ ይገባታል። "እማዬ፣ መጣሁ" በያት። ይኸው ይበቃታል።

አባትሽ ጎሹ