ቤት በማይጠረግበት ሰሞን ቫኪዩም መምረጥ

የካቲት 4፣ ጠዋት 3፡30
ጠርጌ ጨረስሁ። መጋረጃው ዝግ ነው፤ ሚስቴ ዘነቡ ባሏ መጥረጊያ ይዞ ለጎረቤት እንዲታይ አትፈልግም። እሷ ጓሮ ተቀምጣለች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና። ሐኪሙ ለአስሟ ያዘዘው ይኸው ነው፦ ከአቧራ ራቂ።

ግን ደብተሬ፣ ለአንተ አልዋሽም። አቧራው አይወጣም። ተነሥቶ ይበናል፣ መልሶ ይሰፍራል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣቴ ስሜን ጻፍሁበት።

ቆርጫለሁ፤ ቫኪዩም፣ አቧራ የሚስበው ማሽን፣ ይገዛል። መስፈርት፦ ከሦስት ኪ.ግ የማይበልጥ፤ ዘነቡ ራሷ ልትይዘው ትፈልጋለች፣ ክንዷ ደግሞ ደክሟል። ገመዱ ከሶኬቱ እስከ መኝታ ቤት የሚደርስ። ለካሁት፣ አምስት ሜትር። ዋጋው ከጡረተኛ አቅም የማያልፍ።

የካቲት 5፣ ከሰዓት
ዳኜ ሱቅ። 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ፤ አሁን ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። የቤቴን አቧራ ለሙከራ በወረቀት ጠቅልዬ ሄድሁ። ስፈታው አየኝ። "ቲቸር፣ አቧራ ከቤትዎ ይዘው መጡ? ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አቧራ ጠፍቶ?" ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መሬቱ ላይ ደፋሁት።

ሦስት ዓይነት አለው። በባትሪ የሚሠራው ላባ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ይተኛል። መብራት በጠፋ ቀን ማን ይሞላዋል? ቀረ። ባለ ከረጢቱ ጥሩ ይስባል፤ አቧራው ከረጢት ውስጥ ስለሚታሸግ ሲጣል አይበንም። ባለ ዘንጉ ግን አቧራውን ብርጭቆ በሚመስል ሣጥን ይይዛል፤ መሳቡ መካከለኛ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ። ሁለቱን ይዤ የጎረቤቱ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ዳኜ ተከትሎኝ መጣ፤ "ቲቸር፣ በኪሎ አይደለም እኮ የምንሸጠው!" ባለ ከረጢቱ አራት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባለ ዘንጉ ሁለት ተኩል።

ልቤ ወደ ባለ ከረጢቱ አዘንብሏል። ክብደቱ ግን። ሁለት ቀን ላስብበት።

የካቲት 7፣ ንጋት 12፡40
ልጃችን ትርንጎ ለሥራ ፈተና ባሕር ዳር ሄደች። አንድ ቦርሳ፣ የትምህርት ማስረጃዋ፣ የእናቷ ጋቢ። ሚኒባሱ ከዓይን ሲርቅ ገብቼ መጥረጊያ አነሣሁ። ዘነቡ እጄን ያዝ አደረገችው። መንገደኛ የወጣበት ቤት መድረሱ ሳይሰማ አይጠረግም። ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፣ ረስቼው ነው። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ሸኝታ ቤቱን ጠርጋ ነበር። ወንድሟ አልተመለሰም። በአርባ ዓመት ትዳር ይህን ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። መጥረጊያውን ጥግ አቆምሁት። የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከሰዓት ትደውላለች።

የካቲት 8
አልደወለችም። ስልኳ አይሠራም። መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ኔትወርክ ነው ይላሉ። ማን እንዳለ ስጠይቅ፣ ያለ ሰው የለም። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ በበሩ ሥር ይገባል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ላይ ቡናማ ዱቄት። ዘነቡ ታስላለች።

የካቲት 9፣ 4፡00
ተቀምጣ አደረች። የሚሳበው መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው። ጎረቤት ሄደሽ ዋዪ አልኋት። ልጄ ብትመጣ ቤት ባዶ ይቆያት? አለችኝ። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁ፤ መወልወልም መጥረግ ነው አለች። ተቆጣሁ፤ ደብተሬ፣ ክፉኛ ተቆጣሁ። መጥረጊያ መኪና አያቆምም አልሁ።

"መኪናውን ያቆመውን እርስዎ ያውቁታል?"

አላውቅም። ወጥቼ አጥር ሥር ቆምሁ።

9፡30
አሰብሁ። ዘነቡ የምትፈራው መጥረጉን አይደለም፣ ወደ ደጅ መድፋቱን ነው፤ የልጅቱ የእግሯ ትቢያ ከበሩ እንዳይወጣ። ቫኪዩም ግን አያወጣም። ይውጣል። ገብቼ ቀስ ብዬ አስረዳኋት።

"ይታያል?"

ምኑ አልኋት።

"የዋጠው ነዋ።"

ባለ ከረጢቱ ቀረ።

የካቲት 10
ባለ ዘንጉን ገዛሁ። ዳኜ ያንን አልነበር ያመሰገኑት አለኝ። የሚታይ እፈልጋለሁ አልሁት። ስለ ትርንጎ ሰምቷል፤ ቀልዱን ተወና ሳልጠይቀው ዋጋ ቀነሰልኝ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ገባሁ።

ዘነቡ ተቀብላ መዘነችው። "ከእንስራ ይቀላል።" ራሷ ያዘችው፣ አፏን ሸፍና። ምንጣፉን፣ የአልጋውን ሥር። ደፉ ጋ ስትደርስ አቆመች፤ አንዲት ጣት አላለፈችም። ሣጥኑ ውስጥ አቧራው ይሽከረከራል። ይኸው አለ፣ አልሁ እኔ። ይኸው አለ፣ አለች እሷም። ከሰዓት በኋላ ሳሉ በረደላት። ወረቀቴ ነጭ እንደሆነ ዋለ።

ስልክ የለም።

የካቲት 12
ሣጥኑ ቀዩ መስመር ላይ ደረሰ። ማሽኑ ያላዝናል፣ አይስብም። የአጠቃቀም ወረቀቱ "ይድፉ" ይላል። የዱቄት ወተት ባዶ ቆርቆሮ ፈለግሁ፤ ሣጥኑንም ቆርቆሮውንም ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ አፉን አንቄ ገለበጥሁት። ብዙም አልበነነ። ቆርቆሮው ጓዳ ገባ። የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ጠየቅሁት፤ ከባ. ዳር የገባ የለም። አምስት ቀን ሆነ።

የካቲት 14፣ ጠዋት
ዘነቡ ሳትሳል ተነሣች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቷን አይቼ ፈራሁ። ጓዳ ገብታ ቆርቆሮውን አመጣችና ሰጠችኝ።

"ይድፉት። አቧራ ነው።"

አላለቀሰችም። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንድትለው ስለምናት የነበረውን ነው ያለችው፤ አሁን ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። መጠበቁን ትታዋለች።

በሩ ድረስ ሄድሁ። ቆርቆሮው እጄ ላይ ከበደኝ። መንገዱ ላይ ባጃጅ፣ ገብስ የጫኑ አህዮች። ሚኒባስ የለም። ተመለስሁ፣ ክዳኑን አጥብቄ ቦታው አኖርሁት። ለምን አለች። ነፋስ አለ፣ መልሶ ቤት ያስገባዋል አልኋት።

ነፋስ አልነበረም ደብተሬ። የአጥሩ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም።

ዛሬ ቫኪዩሙን እኔ እይዘዋለሁ፤ መጋረጃውም ክፍት ይሁን፣ የፈለገ ይየኝ። ሁለተኛ ቆርቆሮ ዳኜን እጠይቃለሁ። ትርንጎ ደረስሁ እስክትል ከዚህ ቤት አንዲት ቅንጣት አላወጣም።