ስልሳ ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 2003

አውቶቡስ አመለጠኝ። ከሰፈሬ ከለ ሊኞን ሰርቬት፣ የምንከባከባቸው አዛውንት ቤት ስደርስ አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ። ሌላ ጊዜ ሙስዬ ኤሚል ሰዓታቸውን እያሳዩ ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬ ግን ያን እግር ጨምድዶ የሚይዝ ካልሲ ሳለብሳቸው እንኳ አላጉረመረሙም። ጭናቸው ላይ ደብዳቤ... እንባቸው አገጫቸው ደርሷል።

«ምነው?»

«ወንድሜ... ማርሴል... የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ።»

ከዚያ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ? ሾርባቸውን አሙቄ፣ ትከሻቸውን ዳብሼ ወጣሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ማን ይደርስላቸዋል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ለጓደኛዬ ለብዙነሽ ደውዬ መርዶውን ነገርኳት። «ነገ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶችንም እነግራለሁ» አለች። እወዳታለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ጉድ ነው የሠራሁት!

አራት ሆነን ሄድን። ጥቁር ለብሰን፣ ንፍሮና ድስት ይዘን። በር ላይ ጫማ አወለቅን፤ ጨብጠናቸው ተቀመጥን። ማንም አልተናገረም። ብዙነሽ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ሙስዬ ኤሚል አንዴ እኔን፣ አንዴ ድስቱን ያያሉ።

በመጨረሻ፣ «ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ወንድምዎ ነዋ!»

«ማርሴል? ማርሴል የሞተው ከስልሳ ስድስት ዓመት በፊት ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ብዙነሽ ልትገድለኝ ምንም አልቀራት። ብድግ ስንል እጃቸውን አነሡ። «ተቀመጡ። ያኔ ማንም አልመጣም። በማግስቱ ፈረቃችን ነበር፣ ወርደን ቆፈርን።»

ተመልሰን ተቀመጥን። ንፍሮውን በማንኪያ እየበሉ አወሩን። ተራራ ላይ ያለ መንደር፣ ቫሌ በሚባል ክፍለ አገር ውስጥ። ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዱ ሲወጡ ይዘፍናሉ። ታች ያሉ እናቶች ዘፈኑን ሲሰሙ ሾርባ ይጥዳሉ። ማርሴል አንደኛውን ድምፅ፣ እሳቸው ሁለተኛውን ይይዛሉ። ማርሴል የሞተ ቀን ሳይዘፍኑ ወጡ። «እናቴ ማንም ሳይነግራት በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን» አሉ።

ስንወጣ እጄን ያዙኝ። «የአንቺ አገር ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ለአንቺስ መጡልሽ?»

ሽፈራውን ነገርኳቸው። ታናሼን። በ1999 አዲስ አበባ ሲሞት እኔ ገና የጥገኝነት መልስ እየጠበቅኩ ካምፕ ነበርኩ። ኮሪደሩ ስልክ ላይ ሰማሁ። ተመልሼ ገብቼ ድንች ላጥኩ... ተራዬ ነበር። ለማንም አላወራሁም። ዛሬ ለምን አወራሁ?

ዓርብ፣ መጋቢት 9

ደብዳቤውን አነበቡልኝ። የጻፈችው ክሎዲን የምትባል የመንደሩ ሴት ናት። ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ መንደሩ ሰው አልቀረውም፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ልጅ ብቻ አለ። አሁን ቆፋሪዎቹ ፋኖስ ይረከቡበት የነበረውን ቤት አድሰው የሙዚቃ አዳራሽ አደረጉት። ለምረቃው ያን የመውጫ ዘፈን ይፈልጋሉ። የሚያውቀው በሕይወት ያለ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ከሰሉ ሲያልቅባቸው ዘፈን ሊቆፍሩ ነው?» ብለው ሣቁ። ሣቁ አልዘለቀም። «አልሄድም። ያለ ማርሴል ከዚያ በር እየዘፈንኩ አልወጣም።»

ካልሲውን አለበስኳቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ሳህን ሳጥብ ሙስዬ ኤሚል ከኋላዬ ያንጎራጉራሉ! ዞር አላልኩም። ዞር ብል የሚያቆሙ መሰለኝ። ቧንቧውን ዘጋሁት።

ሲጨርሱ፣ «በስልክሽ ቅጂው» አሉ። «እኔ አልሄድም፣ ዘፈኑ ግን ይሂድ።» ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁ። እጄ ሳሙና በሳሙና።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2

ዙሪክ። አልትሽቴተን ሰፈር ካሉ ምእመናን ጋር የጋራ አምልኮ ነበረን። መሪ ዘማሪያቸው ሱራፌል አውቶቡስ ዴፖ ነው የሚሠራው፣ ኖታ ያውቃል። ቅጂውን ሰጠሁት።

«ዘፈን ነው መዝሙር?» አለኝ። አውቄዋለሁ፣ ይህችን እንደሚጠይቅ! ጌታን ተቀብሎ ከዳነ ወዲህ ዘፈን በጆሮው አያስገባም።

«ከጉድጓድ በሕይወት የወጡ ሰዎች ናቸው የሚዘፍኑት» አልኩት።

ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሰማ። «እህት ዘነበወርቅ፣ ይሄ ይጎድለዋል። አብሮት የሚሄድ ሌላ ድምፅ አለ።»

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

ሱራፌል የጻፈውን ኖታ ለሙስዬ ኤሚል ሰጠኋቸው። ያለውንም ነገርኳቸው።

ወረቀቱን አዩ። «ልክ ነው። የሰጠሁሽ የማርሴልን ነው። የጎደለው የእኔ ነው።»

«እሱንም ልቅዳው?»

«አይሆንም።» መስኮቱን አዩ። «እሱን ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

በባቡር ሄድን፣ ከዚያ ትንሽ አውቶቡስ። መንገዱን ሁሉ እጄን አለቀቁም። መንደሩ ውስጥ የተዘጋ መስኮት ይበዛል፤ አደባባዩ ግን ሞልቷል። ከታች መንደሮች ሁሉ መጥተዋል። ተዘግቶ የከረመው ዳቦ ቤት ለዛሬ ተከፍቷል። ክሎዲን ስታቅፋቸው አፈሩ።

ልጆቹ ከጉድጓዱ በር እየዘፈኑ ወጡ። የማርሴልን ድምፅ። ከታች መንደሮች ከመጡት ጋር ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት፣ የፕላስቲክ ቆብ ደፍተው። ሙስዬ ኤሚል መቀመጫቸውን ለቀው፣ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው በሩ ጋ ሄዱ። ዞረው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሁለተኛው ድምፅ ገባ። ደካማ፣ ሻካራ... ግን ልክ በቦታው።

ከአጠገቤ አንዲት አሮጊት፣ «አሁን ሾርባ ይጣድ» አለች። ለራሷ ነው ያለችው።

ስንመለስ ክሎዲን አውቶቡስ ድረስ ሸኘችን። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ልክፈት ብሏል አለች። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ስለ ኪራይ ቤት ጠይቀዋል። «ትንሽ ነው» አለች። ሙስዬ ኤሚል ግን፣ «እኛም በትንሽ ፋኖስ ነበር የምንወርደው» አሏት።

እሑድ፣ ሰኔ 5

ከአምልኮ መልስ ልብስ እያጠፍኩ በር ተንኳኳ። ብዙነሽ። ከኋላዋ... ሙስዬ ኤሚል! ያለ እኔ ከቤት የማይወጡት ሰው፣ እኔ ቤት ለ ሊኞን ድረስ። ጥቁር ክራባት አስረዋል። ብዙነሽ ድስት ይዛለች።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ። ሙስዬ ኤሚል ግድግዳ ተደግፈው ጫማቸውን ለማውለቅ ይታገላሉ። ጎንበስ ብዬ ላግዝ ስል ከለከሉኝ። ራሳቸው አወለቁ። ጨበጡኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዝም።

ያኔ ገባኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩት መጣ። ብዙነሽ አቀፈችኝ። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ያን ቀን እኛ እንደተቀመጥነው ተቀመጡ። ሲበርድልኝ፣ «ስለ ሽፈራው ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። እስኪመሽ ነገርኳቸው።

የድስቱን ሾርባ የሠሩት ሙስዬ ኤሚል ራሳቸው ናቸው። ጨው በዝቶበታል። ሦስታችንም ጨረስነው።