ክንፉ ላይ የተጠመጠመው ክርሽ

ይድረስ ለአትጠገብ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰነበትሽ» ይባላል። ያንቺን ስለማላውቅ የእኛን ልንገርሽ። ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ደህና ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ።

ጎርጎራ እንዳለች ናት። የቤታችን ጣራ ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ በጥቅምት አዲስ ሣር አለበስኩት። የጥጥ እንቅብሽ ያለበት ማዕዘን አልረጠበም። ውሻው ሞተ። ጀልባዋ ያችው ጣሊያን ጥሏት የሄደው ናት፤ ነፋስ ሲኖር በሸራ፣ ነፋስ ሲጠፋ በሞተር እሄዳለሁ። ባለቤቷ ነጋዴ ቀለም አስቀባታለሁ እንዳለ ነው።

ከቀብርሽ በኋላ እናትሽ ልጃችንን የሺን ወደ ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም ወሰዷት። አልከለከልኳቸውም። አንቺን የገደለሽ ወባ ነው፤ ወባ ደግሞ ደጋ አይወጣም። አራት ዓመት የሆናትን ልጅ ከሐይቁ ዳር ላቆያት ብል ምን ብዬ እከራከራለሁ? ግን እናትሽን ያስቆጣቸው ወባው ብቻ አልነበረም። ቁስቋም ከዘመዶችሽ ጎን ማረፍ ሲገባሽ ከባሕሩ ማዶ በአባቴ ደብር ቀበርኩሽ። ያን ሰሞን ማኪና አልነበረም፣ ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። ይህን ላስረዳቸው ሁለት ጊዜ ጎንደር ወጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጊዜ የሺ በሩን ከፈተችልኝ። «ጋሼ፣ አያቴ የለችም በዪው ብላለች» አለችኝ። ውሸቱ አላናደደኝም። ያናደደኝ ጋሼ መባሌ ነው።

ሙት ዓመትሽ ደረሰ። እናትሽ በእህል ጭነት ማኪና የሺንና የተዝካሩን ዳቦ ይዘው መጡ። ሲወርዱ ለሹፌሩ የነገሩትን ሰማሁ፦ «ነገ በጠዋት ጠብቀን። ልጅቷ ከእንግዲህ ይህን ውሃ አታየውም።» እንግዲህ የነበረኝ ያች አንዲት ቀን ነበረች።

ወደ መቃብርሽ ስንሻገር ጀልባዋ ላይ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። ያላቸውን ሁሉ በየሺ በኩል ይልኩት ነበር። «የሺ፣ አባትሽን ጠይቂው፣ ይቺ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ያስላታል ወይ?» «የሺ፣ በይው፣ ምነው ዳቦው ናፍታ ናፍታ ሸተተ?» እኔም በየሺ በኩል እመልሳለሁ። ልጅቷ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታዞር ዋለች። ብትኖሪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

ካህናቱ እንዳይጠብቁን ብዬ መንገድ ላሳጥር በዳር የበቀለውን ደንገል ተጠጋሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ መረብ እንዳለበት የሚያመለክቱትን ተንሳፋፊ ቅሎች አላየሁም። ሞተሩ አቃሰተና ቆመ። ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ አስነሣሁት፤ ይብስ ጠበቀ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጀልባዋ ኋላ ውሃውን የሚገፋው የብረት ክንፍ መረብ ጠምጥሞ ጉቶ አክሏል። የቀረው መረብ ድንጋይ ታስሮበት ከታች ስለ ተተከለ ሸራ ብዘረጋም የትም አንሄድም። ነፋስም አልነበረም።

ቢላዬን አወጣሁ። ታውቂያለሽ፣ መረብ ክንፌን ሲይዘው ሌላ መድኃኒት አላውቅም ነበር። በዚህም ተጣልተን እናውቃለን።

ዓሣ የሚያመጣልን ጎረቤታችን አያ ደምሌ በታንኳው እየቀዘፈ ደረሰ። ገና ከሩቅ ይጮሃል፦ «አንተ ሰው! ያን ቢላ መልስ! ይህ ሁሉ ውሃ ተዘርግቶልህ የእኔን መረብ ነው የመረጥህ?»

«አያ ደምሌ፣ ሙት ዓመት ነው፣ ካህናት ይጠብቁናል፤ መረቡ ይተካል» አልኩት።

«በምን ይተካል? ፈታዩዋ የት አለችና!» አለ። ወዲያው እናትሽን አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአትጠገብ ፈትል ነው» አለ።

ረስቼው ነበር፣ አትጠገብ። በመጨረሻው በጋሽ በዓሣ ለውጥ ስትፈትዪለት ደጃፉ ላይ አይሽ ነበር። ቢላው በእጄ እንዳለ ነው ያስታወስኩት።

እናትሽ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጎንበስ ብለው ከመረቡ አንዱን ክር ያዙና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት። «አክርራ ነው የምትፈትለው» አሉ። «አላልተሽ ፍተዪ እያልኩ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።» ከዚያ የሺን ሳይሆን እኔን አዩኝ። «አለምነህ፣ ቢላውን ወዲያ አድርግ።» በስሜ ከጠሩኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ክንፉ እንዴት እንደሚዞር ጠየቁኝ። በእጄ አሳየኋቸው። «እንዝርት ነዋ!» አሉ። «ታዲያ የጠመጠመውን ወደ መጣበት እያዞሩ መተርተር ነው እንጂ።» ወደ ኋላስ አዙሬው ነበር አልኳቸው። «በሞተር ነዋ! ፈትል በጉልበት የሚፈታ የት አይተህ ታውቃለህ?»

ሞተሩን አጥፍቼ ከማርሽ አውጥቼ ልብሴን አወለቅሁና ውሃ ገባሁ። የኅዳር ጠዋት ውሃ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እየጠለቅሁ ክንፉን በእጄ ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ አዞረዋለሁ። እናትሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከላይ በልክ በልኩ ይስባሉ፤ ሲጠብቅባቸው «ቁም» ይላሉ። አያ ደምሌ የተፈታውን ታንኳው ላይ ይሰበስባል። በመጀመሪያ ጉቶው የተነካም አይመስልም ነበር። ሁለት ጊዜ ቢላው አማረኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ የእናትሽን እጅ አይቼ ተውኩት።

የሺ ከጀልባዋ ጠርዝ ሆና በጠለቅሁ ቁጥር ትቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ ጣቴን ክር ያዘኝና ቆየሁ። ብቅ ስል «አባባ!» እያለች ትጮኻለች። እናትሽ «ቁም» ሳይሉኝ መሳባቸውን አቁመው ልጅቷን ይመለከቷት ነበር።

መረቡ ሲወጣ የተበጠሰው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እናትሽ ከዳር እስከ ዳር አገላበጡት። «ባታከርረው ኖሮ ገና ድሮ ብጥስጥሱ ይወጣ ነበር» አሉ። ይህን ላንቺ መንገር ነበረባቸው፤ እኔ ነገርኩሽ።

ማዶ ስንደርስ ቀትር አልፏል። ካህናቱ ሾላው ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ «ተዝካሩን ለዓሣ አበላችሁት ብለን ነበር» አለን። እናትሽ ከመቃብርሽ አጠገብ ቆሙ። በስተምሥራቅ ውሃው ይታያል፣ ነፋስም ተነሥቶ ነበር። «ቦታውስ ሸጋ ነው» አሉ። የሚሉትን እየጠበቅሁ ዓመት ከርሜ የመጣልኝ ይኸው ነበር። በቂ ነው።

በማግስቱ ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ሳለ የሺን አሳፍረው ወደ እኔ ተመለሱ። «ወባው ይለፍ። ከጥምቀት በኋላ አመጣታለሁ፤ ክረምት ሳይገባ አንተ ትመልስልኛለህ» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። አምጥተዋት ሁለት ሳምንት ቆዩና የተበጠሰውን ሦስቱን ቦታ በራሳቸው ፈትል አስጠገኑት። አያ ደምሌ ክሩን እየሳበ «የእርስዎ ላላ ይላል» ቢላቸው፣ «ዓሣውም የእኔን ያህል አርጅቶ ይሆናል፣ ምን አስቸገረህ» አሉት። ባለፈው ሰኞ የሺን ትተውልኝ ብቻቸውን ተመለሱ።

ይህን ስጽፍ የሺ ከእንቅብሽ አጠገብ ተቀምጣ እንዝርትሽን ታሾራለች። ክሯ እንደ ገመድ ወፍራም ነው። ታከርረዋለች።

ክረምት ሳይገባ ወደ ቁስቋም እወስዳታለሁ፤ ቤቱ እንደገና ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ከእንግዲህ አልፈራውም፤ የምትመለስበትን ወር አውቀዋለሁ።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ ያን ቀን ፈትልሽን ረስቼው ነበርና። የምችለውን ልንገርሽ። ሞተር ከማስነሣቴ በፊት ቆሜ ቅሎቹን እፈልጋለሁ። ቢላው ወጥ ቤት ገብቷል፣ ሽንኩርት ይከትፋል። በየኅዳሩ እናትሽንና የሺን ይዤ አንቺ ዘንድ እሻገራለሁ፤ ቢመሽብንም፣ ካህናቱ ቢስቁብንም፣ አንድ ክር ሳልቆርጥ።

ባልሽ አለምነህ