የወልደአረጋይ ጣት

ለእህቴ ለእታፈራሁ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተመለሰ? አማቼ ዳዊትስ እንዴት ነው? ፍቅርተ አዲሱን ወንድሟን መልካሙን ለመደችው ወይስ አሁንም ወደመጣበት መልሱት ትላለች? የአርባ ምንጭ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ደብረ ብርሃን “ከብርዱ በቀር ደህና ነን” እንል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከሁሉም ደህናው ብርዱ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ሁለቴ ሞክሬ፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ አለችብኝና ስለ ገብስ አወራሁሽ። ይህን የሚያደርስልሽ ወልደኪዳን የሚባል ሹፌር ነው፤ ከዚህ ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ እናንተ ይወርዳል። ብርድ ልብስ አርባ ምንጭ ወስዶ እሸጣለሁ የሚል ሰው ተስፋ አይቆርጥም ብዬ አምኜ ሰጠሁት።

የልጄን የብርቱካንን ነገር ታውቂያለሽ። ስሟ ብርቱካን፣ መልኳ ሎሚ ሆኖ ዓመቷን ደፈነች። መጀመሪያ የብረት ሽሮፕ ሰጡን፤ ጥርሷ ጠቆረ እንጂ ፊቷ አልቀላም። እናቷ ፅጌረዳ ጠበል ወሰደቻት፣ እማዬ ምስርና ቀይ ሥር አበላቻት፣ እኔም ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያመጣሁ አነበብኩላት። ሁላችንም በየሙያችን ደከምን። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላኩንና ዶክተር ወርቅአገኘሁ የምትባል የሕፃናት ደም ሐኪም እጅ ገባን። መቅኒዋን አስመርምራ፣ ሌላው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፣ ቀዩን ደም የሚሠራው ክፍል ብቻ ሥራ አቁሟል አለችን።

በሽታው ዳይመንድ ብላክፋን ይባላል። እኔ የጌጣጌጥ ሱቅ የጠራች መስሎኝ ነበር። አብሮ የሚወለድ የደም ማነስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይታያል። ወንድ ሴት፣ ጥቁር ነጭ፣ ደገኛ ቆለኛ አይልም። ከሚሊዮን ልደት አምስት፣ ቢበዛ ሰባት ልጅ ቢይዝ ነው አለች። እኔ የዕቁብ ዕጣ እንኳ መጀመሪያ ወጥቶልኝ አያውቅም። እንዲያ ከሆነ በአገራችን በየዓመቱ ሃያ ያህል ሊወለዱ ይገባል ብዬ አስልቼ ብጠይቃት፣ እሷ በሥራ ዘመኗ ያየቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አለችኝ። ሌሎቹስ የት ሄዱ ብላት መነጽሯን አወለቀች።

“ምች መታቸው፣ ዓይን በላቸው ተብሎ ተቀብረዋል።”

ቀጥላ ዘመድ ናችሁ ወይ ስትለን ፅጌረዳ ተቀየመች። አማቷ ሰባት ቤት ቆጥራ አልበቃ ብሏት ስምንተኛውን ለጥንቃቄ እንደጨመረች አስረዳቻት። ሐኪሟም፣ ይኼኛው በአንድ ወገን ብቻ ይመጣል፣ የቤት ቆጠራ አያግደውም አለች። አንዳንዱ ልጅ ከማንም ሳይወርስ በራሱ ይጀምረዋል፤ አንዳንዱ ግን አንድም ቀን ካልታመመ ወላጅ ይቀበለዋል። ይህን እያለች ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ።

“እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ” አለች።

እኔ ሞኙ በኩራት ዘረጋሁላት።

መቼም የወልደአረጋይን ጣት ላንቺ አልተርክልሽም። የእማዬ አያት፣ ያ የአንኮበሩ ቁም ጸሐፊ፣ አውራ ጣቱ እንደ ሌሎቹ ጣቶች ሦስት አንጓ ነበረውና ብዕር የጸናለት በዚያ ነው ሲባል አድገናል። በቤታችን ልጅ ሲወለድ እማዬ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ጡጫውን ፈልቅቃ ነው የምታየው። ጣቱን ለያዘ እልልታ፤ ላልያዘ ደግሞ “ይሁና፣ እሱም ይደግ” ነው። ሐኪሟ ጣቴን አጥፋ ዘረጋችውና፣ ጣቱ ለብቻው በሽታ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ሕፃን በታመመበት ቤት ግን ምልክት ሊሆን ይችላል አለች። እንደ እኔና እንዳንቺ ያለው ራሱ ምንም ሳይሆን ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል፤ ከያዘው ደግሞ የሚወልደው እያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ለዓለም ከሚሊዮን አምስት የሆነው ነገር፣ ለአንድ ቤት ከሁለት አንድ ሆኖ አረፈው።

በእኔና ባንቺ መካከል የሞቱትን ሁለቱን ሕፃናት አስቢያቸው። እማዬ “ነጣ ነጣ ብለው እንደ ጧፍ አለቁብኝ” ትል የለ? ሁለቱም ጣቱን ይዘው ነበር። እግዜር የወደደውን ይወስዳል ትላለች። አልነገርኳትም። ሰባ ዓመት አልፏት ከዚያች እልልታ ሌላ ምን ቀራት?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው በድምፅ የላክሽውን እማዬና እኔ አብረን ሰማነው። “ጋሼ፣ መልካሙ ፈረንጅ መስሎልሃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ደግሞ ጨዋነቱ፣ አያለቅስም፣ ጡት እየጠባ ድክም ይለውና ይተኛል” አልሽ። ከዚያ ጣቱን ይዟል ስትይ እማዬ ሦስቴ እልል አለች። እኔም ከንፈሬ እስኪያመኝ ፈገግ አልኩ። ብርቱካንም በሦስት ወሯ ጨዋ ነበረች።

እቴ፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ልጁን ወስደሽ ደሙን አስለኪው። ዳዊት “ያ መጽሐፍ በልቶ የሚያድር ወንድምሽ ደግሞ ምን አገኘ” ይላል፤ ይበል። የብረት ሽሮፕ ሰጥተው ሊሸኙሽ ቢሉ እንቢ በይ፤ ይህን ደብዳቤ አውጪና የበሽታውን ስም አስነብቢያቸው። ላይኖርበትም ይችላል፤ ያን ጊዜ እኔ ያስደነገጥኩሽ ጅል ሆኜ ልቅር። ካለበትም ቶሎ ከተያዘ ደም ይሰጡታል፣ ከፍ ሲል መድኃኒት ይሞክሩለታል። ብርቱካንን እስካሁን ያቆማት የሰው ደም ነው። ባለፈው ደም ጠፍቶ ሳለ ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ያሉ አንድ አባት መጥተው ሰጡላት። ባመሰግናቸው፣ “ሌላው ሁሉ ሳልጠየቅ ነው የሄደብኝ፤ አንተስ ጠየቅኸኝ” አሉ። እስከ መቼ በሰው ደም ትቆያለች ብዬ ሐኪሟን አልጠየቅኋትም፤ እሷም ልትነግረኝ አልቸኮለችም።

ለዳዊት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንዳይቀየመኝ። ፍቅርተን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ወንድሟን ወደመጣበት መመለስ እንደማይቻል በደንብ አስረጃት። ፅጌረዳ እጅሽን ትስማለች፤ ብርቱካንም ስሙኝ እንጂ ልሳም አትልም፣ ይደክማታል። እማዬ አሁን ከጓዳ ለማን ነው የምትጽፈው ብትለኝ ላንቺ ነው አልኳት፤ የመልካሙን ጣት ሳሚልኝ በላት አለችኝ። ሳሚላት። ስትስሚው ግን ወደ ብርሃን አውጪውና ጥፍሩን እይ። ቀላ ካለ ደውዪልኝ። ከነጣ ግን እኔ ጋ ለመደወል ጊዜ አታጥፊ።

ወንድምሽ አንዳርጌ
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.