ስምህ ያልተጻፈበት ዋንጫ

ታደለ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ። ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ጥቁሬንም አወለቅሁ። ቀደም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ የምነግርህ ነገር ደስ የሚል ስላልሆነ እያመነታሁ ቆየሁ። አንተ እንደሆነ በሕይወትህም ክፉ ወሬ ሲነገርህ ጫማህን አጥልቀህ ሩጫ መውጣት ነበር ሥራህ። አሁን የትም አትሄድም፤ ስለዚህ ተኝተህ ስማኝ።

ቤቱ ደኅና ነው። ልጅህ ብሩክ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስለወጠው፤ የድንች መደብህንም ደልድሎ የመኪና ማቆሚያ አደረገው። ውጭ አገር ሮጦ አሸንፎ የመጣ ቀን የአሰላ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ከኋላው ይከተላሉ። ያ አለቃህ፣ ስንት ዓመት ከፊቱ ሆነህ ነፋሱን የተቀበልክለት ሻምፒዮን፣ ለቀብርህ አልመጣም። የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር፤ ሪባኑ ላይ ስምህን አሳስተው «ታደሰ» ብለው ጽፈዋል። እኔንም ጨምሮ ማንም አላስተካከለውም።

ገመዳ ግን አልጠፋም ነበር። ለዚያው ሻምፒዮን ከፊት እየመራ አብሮህ አሯጭ የነበረ ሰው፣ ጸጉሩ ሸብቶም በየእሑዱ ሚስቱ የሠራችውን የገብስ ጩኮ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ያንተ ወንበር ባዶውን እያለ እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ነበር። የሚያወራኝም ያንኑ የማውቀውን ነበር። በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይቼሃለሁ! አንተ ትመራለህ፣ ሰውዬው ከጀርባህ ተከልሎ ይከተልሃል፤ ሩጫው ሊግል ሲል እጅህን ወደ ጎን ዘርግተህ መንገዱን ትለቅለትና ወደ ሣሩ ትወጣለህ። ከዚያ በኋላ ካሜራው አያውቅህም። እኔ ግን አንድ ጥግ ላይ ጉልበትህን ይዘህ ስታለከልክ ላይህ ስክሪኑን እፈትሽ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ገመዳ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ብሩክ በየዓመቱ ለከተማው ሩጫ የሚሰጠው ዋንጫ ዘንድሮ ባንተ ስም እንዲሆን ነው። ብሩክ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ነበር። እነዚህ ልጆች አሯጭ አይፈልጉም፤ አሁን በመሙ ዳር ፍጥነት የሚያሳይ መብራት እየበራ ይቀድማቸዋል አሉ። እናንተን ሽማግሌዎቹን «የመኪና የፊት መስታወት» ብለው ነው የሚጠሯችሁ። ልጅህ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል መለሰለት።

«ጋሼ ገመዳ፣ አንድም ቀን ያልጨረሰ ሰው ስም ዋንጫ ላይ ሲጻፍ ሰው ምን ይላል?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ሰሃን ማስቀመጫ አጣሁ። በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ፤ ግን ነገሩን ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ትንሽ ሳለ ትምህርት ቤት፣ አባትህ ደክሞት አቋረጠ እያሉ ሲያበሽቁት፣ ቤት መጥቶ እያለቀሰ ለምን አትጨርስም ብሎ ጠይቆህ ነበር። አንተ ሥራዬ ነው ብለህ ሳቅህበት። ልጁ ያንን ሳቅ አልረሳልህም፣ ታዴ።

ገመዳ፣ ያ ዝምተኛ፣ ተነሥቶ ቆመ። ያለ እኛ ያ ሁሉ ሜዳሊያ አሰላን አያውቃትም ነበር አለው። ብሩክም እንግዲያው አሸንፈኝ አለ። ተስማሙ። በሙት ዓመትህ ቀን፣ ከከተማው ውጭ ካለው የእህል መጋዘን ተነሥተው ስታዲየም ገብተው አንድ ዙር ሊሮጡ፤ ሽማግሌዎቹ በጣም ቀድመው ሊነሡ፣ ብሩክ ከኋላ ሊያባርራቸው። አንዳቸው ቢቀድመው ዋንጫው ባንተ ስም ሊሆን፣ ካልሆነ በራሱ።

ገመዳ ከሮቤና ከዲክሲስ ሁለት የድሮ ጓደኞቻችሁን ጠራ። ወገባቸውን እየያዙ፣ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ ሲለማመዱ ከረሙ። ወተት ያፈላሁላቸው እኔ ነኝ። እንዲያሸንፉም ተሳልኩ። በገዛ ልጄ ላይ ተሳልኩ፣ ስምህ እንዲጻፍ።

በዕለቱ ጠዋት ፍትሐትህን አስፈታሁና በጥቁር ልብሴ ስታዲየም ገባሁ። ወጣቶቹ ገና ከመጀመሪያው እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው የቆመው ገመዳ ብቻውን በበሩ ሲገባ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ብሩክ የለም። ሰው ሁሉ ተነሣ። ገመዳ ፊቱ አመድ መስሏል፣ እግሩን እየጎተተ ነው፣ ግን ይሮጣል። ግማሹን ዙር ሲጨርስ ብሩክ ገባ። እንዴት እንደሚሮጥ አይተኸዋል፤ መሬቱን የሚነካው አይመስልም። ቢሆንም አይደርስበትም ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ አይደርስበትም ብለዋል።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ገመዳ ገና ከሩቅ ከኋላው የሚመጣ ኮቴ ሰማ። እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፣ መንገዱን ለቀቀና ወደ ሣሩ ወጣ። ወጥቶም ቆመ። ጉልበቱን ይዞ፣ እንደ ድሮው፣ የሚያልፈውን ሰው ቀና ብሎ ያይ ጀመር። ምን እንዳደረገ የገባው ስታዲየሙ በሳቅ ሲፈነዳ ነው። ልመለስ ብሎ ተንገዳገደና በአፍጢሙ ተደፋ።

ብሩክ አለፈ። ታዴ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆይቻለሁ። ልጄ ክሩን ሲበጥስ እልል አልኩ። በጥቁር ልብሴ፣ በሙት ዓመትህ ቀን፣ ገመዳ ሣሩ ላይ ተደፍቶ እያለ። አላለቀስኩም፣ አላዘንኩም፤ ተነሥቼ፣ ነጠላዬ ከራሴ እስኪወድቅ እልል አልኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፤ በኋላ ተቀበሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታዴ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና ገመዳ እንደ ልማዱ ጩኮውን ይዞ መጣ፤ ግንባሩ ተፋፍቋል። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ወተት ቀዳሁለት። እሱ ግን ራሱ አንተን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ነገረኝ። «ሰናይት፣ ሃያ ዓመት እግሬን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያዩት እጃቸውን ወደ ጎን እየዘረጉ ያሳልፉታል አሉ፤ የዚያን ቀን በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ ያላየ ሰው የለም።

ብሩክ በስሙ የተቀረጸውን ዋንጫ የከተማው ሩጫ እስኪደርስ ቡፌው ላይ፣ ከፎቶህ አጠገብ አስቀምጦት ሄደ። በክፋት አይመስለኝም፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ነው። ግን ካንተ ፎቶ ይበልጣል፣ ይጋርድሃልም። አንድ ሁለቴ ላነሣው አስቤ መልሼ ተውኩት።

አልረሳህም። ይህንን ቃል እሰጥሃለሁ፣ ግን የምችለውን ያህል ብቻ ነው የምሰጥህ። ልጅህ በሚቀጥለው ወር ይሮጣል፣ እኔም እዚያው ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። ከፊት የሚመራ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንተ ነህ ብዬ አየዋለሁ፤ በስምህም እጠራዋለሁ። ወደ ሣሩ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው ስክሪኑን አልፈትሽም። ዓይኔ ልጄን ይከተላል።

ሚስትህ ሰናይት